በግዝት ያገባኋቸው ግቦች

መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ሽታው ነው። የገና ዕለት ከቀትር በኋላ ሱሪዬን እስከ ጭኔ ሰብስቤ፣ ሁለቱን ጉልበቶቼን በዚያ በሚያቃጥል ቅባት ሳሽ ቤቱን የሚሞላው ሽታ። ባለቤቴ «ይህን ለበሬ ትከሻ እንኳ አልመኘውም» ትላለች። እኔ ግን እወደው ነበር። አፍንጫዬን ቆጥቆጥ ሲያደርገኝ የሃያ ዓመት ጎረምሳ የሆንኩ ይመስለኛል። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከጉልበቴ በላይ ያለው ሥጋ እንደ ረጠበ ጨርቅ ተንጠልጥሎ በገዛ እጄ እያሸሁት አላየሁትም። አሁን ሳስበው ያቅለሸልሸኛል።

የምንጫወተው ገናን ነው። ሰው ሁሉ ያውቀዋል ብዬ ባልፈው ደስ ባለኝ፤ ግን ከተማ ያደጉት የወንድሜ ልጆች እንኳ የቴሌቪዥን ኳስ እንጂ ይህን አያውቁም። ጫፉ የቆለመመ የወይራ ዱላ፣ ከእንጨት ሥር ተጠርቦ የተድቦለቦለ እሩር፣ እህል የተነሣበት መስክ፣ ሁለት ወገን፤ በቃ። እሩሩን በዱላ እየመታ ከባላጋራው ድንበር ያሳለፈ አገባ ይባላል። ሌላም ደንብ አለው፤ ሲሞቅ ግን የሚያስታውሰው የለም። መንደራችን ከላሊበላ ወደ ገነተ ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። ገና በመጣ ቁጥር ሁለቱ ይገጥማሉ። እኔ የላይ ቤት አባት ነበርኩ፤ የቡድኑን መሪ አባት ነው የምንለው።

በሥራዬ መምህር ነኝ፤ ሒሳብ አስተምራለሁ። ሜዳ ላይ ከሚሮጡት ከሁለቱም ወገን ልጆች ውስጥ በእጄ ያላለፈ ጥቂት ነው። አንድ ነገር ልናገር፦ በዚህ ሁሉ ዘመን እንደ ኩረጃ የጠላሁት ነገር የለም። ፈተና ላይ አንገቱን ያሰገገ ልጅ ካየሁ ወረቀቱን ቀድጄ ከክፍል አስወጣዋለሁ። «ያልሠራኸውን ነጥብ ስትበላ ጉሮሮህን አያንቅህም?» እላቸዋለሁ። ይህን የምለው ጮክ ብዬ ነው፤ ሌላው እንዲማርበት።

አሁን ወደ ነገሬ። ከሦስት ገና በፊት ጨዋታ ላይ ጎኔን ተመታሁ። ማንም ሆን ብሎ አልመታኝም፤ እሩሩን አገኛለሁ ብሎ ዱላውን የሰነዘረ ልጅ ነው። ሁለት ሳምንት ተኛሁ። በግራ ጎኔ መተኛት አልችልም፣ በቀኜ መዞር አልችልም፤ ሳስል ነፍሴ ትወጣለች። ባለቤቴ አንሥታ ታስቀምጠኛለች፣ ደግፋ ከደጅ ታደርሰኛለች፣ መልሳ ታስተኛኛለች። በሦስተኛው ሳምንት በትሬን ይዤ ስነሣ፣

«እንግዲህ ይበቃሃል፤ ጨዋታውን ለልጆቹ ተውላቸው» አለችኝ።

ጮኽኩባት። ምን እንዳልኩ ሁሉ አልጽፈውም፤ ከሁሉ የሚያሳፍረው ግን «ሴት ስለ ገና ምን ታውቃለች» ያልኳት ነው። ዝም አለች። ሁለተኛ አላነሣችውም። ሚስቱ ዝም ስትል ነገሩ አለቀ ብሎ ደረቱን የሚነፋ ባል ቢኖር እኔ ነበርኩ።

በሚቀጥለው ገና ወደ ሜዳ ገባሁ፤ ጉድ ተባለ። እሩሩን ይዤ ስነሣ ፊቴ ያለው ሁሉ ወዲያና ወዲህ ይከፈላል። አንዱ ዱላውን አንሥቶ ይመጣና አጠገቤ ሲደርስ ይደናቀፋል። ሌላው ይቀድመኛል ስል ጫማው ይወልቅበታል። ሁለት ግብ አገባሁ። በዓመቱም ሁለት አገባሁ። ሰው ከሃምሳ ዓመቱ በኋላ ፈጣን ይሆናል ወይ? እኔ ሆንኩ ብዬ አመንኩ። ፍጥነት ሳይሆን ብልሃት ነው እያልኩ ለመምህራን ጓደኞቼ አስረዳ ነበር። «ወጣት በእግሩ ይሮጣል፣ እኔ በዓይኔ እሮጣለሁ» እላለሁ። ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት ሳስታውስ ምላሴን ቆርጬ ብጥለው እመኛለሁ።

ምልክት አልነበረም አልልም። አንድ የታች ቤት ልጅ፣ ሜዳው ላይ አቻ የሌለው ጎበዝ፣ እሩሩን ከኔ አጠገብ ሲያገኝ ፊቱ ይጨልማል፤ ዱላውን ወደ ኋላው አድርጎ ይቆማል። የፈራኝ መሰለኝ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባል የለ?

በእኛ አገር ያሸነፈ ይሳደባል። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ተብሏልና ተሸናፊው አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ባለፈው ዓመት ስናሸንፍ ሰው ሁሉ በከበበበት ያንን ጎበዝ ልጅ ፊት ለፊቴ አቆምኩና እንዲህ ብዬ ገጠምኩበት፦

የታች ቤት ጎረምሳ ምን አገኘው እግሩን፣
ሽማግሌ ነጥቆ አገባው እሩሩን።

ሰው በሳቅ አለቀ። ልጁ በወሩ ሊያገባት የነበረች እጮኛው እዚያው ቆማለች። እሱ ግን ፈገግ አለና ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ። «ያኑርልን መምህር» አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው አልኩ በልቤ። ከዚያ ድግሱ ቤት ሄደን ፍርምባውን ለእኔ አቀረቡልኝ፤ ለቀኑ ጀግና የሚቆረጠው እሱ ነው። እስከ አጥንቱ ጋጥኩት። ጢሜ ላይ የወረደውን ቅባት በእጄ ጀርባ እየጠረግሁ፣ ግቡን እንዴት እንዳገባሁት እንደገና ከመጀመሪያው ተረክሁ። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ።

አሁን ያ ሁሉ የወጣበት ቀን።

ዘንድሮ በገና ዕለት ታች ቤቶች አንድ ሰው ጎደላቸው፤ ከተጫዋቾቻቸው አንዱ ላሊበላ ለበዓሉ የመጣውን እንግዳ ሊያስተናግድ ቀርቷል። በምትኩ አንድ አማች አስገቡ። ከመንደራችን ሚስት ያገባ የፍላቂት ሰው ነው፤ ሚኒባስ ይነዳል፤ በዓሉን ከሚስቱ ወላጆች ጋር ሊውል የመጣ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። አጭር፣ ደንዳና፣ ሳቂታ። ከጨዋታው በፊት መጥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

ጨዋታው ተጀመረ። ልጆቼ እንደ ወትሮው እሩሩን ለኔ አቀበሉኝ። እንደ ወትሮው ተነሣሁ። ፊቴ ያሉት እንደ ወትሮው ተከፈሉ። ከዚያ ከጎኔ የሆነ ነገር መጣ። ዱላዬ ሥር ሌላ ዱላ ገባ፣ ቀለል አድርጎ አነሣት፣ እሩሩም ከፊቴ ጠፋ። ስዞር ፍላቂቴው ይዞት ሩቅ ሄዷል። አልነካኝም፣ አልገፋኝም። እንደዚያ ያለ ንጹህ ንጥቂያ ከስንት ዘመን በኋላ ማየቴ ነው፤ እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ።

ግን ሰውየውን ተከትሎ የሮጠ አልነበረም። ሜዳው ሁሉ ቆመ። የእኔም ልጆች፣ የእነሱም ልጆች፣ ዱላቸውን አውርደው ሰውየውን ያያሉ። አንዱ አማተበ። ፍላቂቴው ዞር ብሎ ብቻውን መሆኑን ሲያይ ግራ ገባው።

«ምነው? ምን አጠፋሁ?» አለ።

ያ ጎበዙ የታች ቤት ልጅ ሳያስበው አመለጠው። «አንተ ሰውዬ ማንም አልነገረህም እንዴ? ግዝት አለብን እኮ!» አለና አፉን በእጁ ያዘ።

«የምን ግዝት?» አልኩ።

ኩረጃ የያዝኩ ጊዜ የማወጣውን ድምፅ አወጣሁ። «የምን ግዝት ነው አልኩ!»

ልጁ ዱላውን መሬት ላይ አኖረ። «ይቅር ይበሉኝ መምህር። እርስዎ እሩር ሲይዙ ፊትዎ የቆመ፣ ዱላዎን የነካ የተገዘተ ይሁን ብለውናል፤ የንስሐ አባታችን። ለእርስዎ የነገረም እንደዚያው። በቃ፣ እኔ ግዝቱን አፍርሻለሁ እንግዲህ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ይኼ ሦስተኛ ገናችን ነው።»

ሌላ አገር ቢሆን ልጆች ይህን ሰምተው ይስቁ ነበር፤ በዓመቱ ይረሱት ነበር። እኛ ዘንድ ቄስ የገዘተው ነገር አይሻርም። ከብት ሞቶ፣ ሰብል በረዶ መቶት፣ የትኛው ግዝት ተጥሶ ይሆን ብለው የሚመረምሩ ሰዎች ልጆች ናቸው። እና እነዚህ ታች ቤቶች ሁለት ገና ሙሉ ግዝታቸውን ይዘው፣ ዱላቸውን ከጀርባቸው ደብቀው፣ ተሸንፈው ተሰደቡ። የሰደብኳቸው እኔ ነኝ።

ወደራሴ ልጆች ዞርኩ። «እናንተስ ታውቁ ነበር?»

ከመካከላቸው አንዱ መሬት መሬት እያየ፣ «እኛን የገዘተን የለም መምህር» አለ። «ብቻ... እርስዎን የሚያቆም እንደሌለ ስላወቅን ነው ለእርስዎ የምናቀብለው።»

አያችሁ? ማንም የማይዘጋው በር ነበርኩ። ለካ እሩሩን ሁሉ ለኔ የሚሰጡኝ ስለሚያከብሩኝ አይደለም፤ በኔ በኩል ስለሚያልፍ ነው። ከመስኩ ዳር ካለው ድንጋይ ሄጄ አስመለስኩ። አንዱ ውኃ ይዞ ሲመጣ በእጄ መልሼ አባረርኩት። ከዚያ በኋላ የማን እጅ ንጹህ እንደሆነ እንጃልኝ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል፤ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«አንቺ ነሽ?» አልኳት።

«እኔ ነኝ» አለች። «አባ ዘንድ ሄጄ እግራቸው ሥር ወድቄ፣ ይህ ሰው ሊሞትብኝ ነው፣ አንድ ነገር አድርጉልኝ አልኳቸው። ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ሁለት ዓመት ስትስቂብኝ ኖርሽ?»

እዚህ ላይ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ሳቅሁ? እየሮጥህ አገባሁ አገባሁ ስትል ማታ ማታ ጉልበትህን ማን ነው የሚያሽልህ? አንተን ቁጭ ብዬ ማድመጥ ያስቃል እንዴ?»

ብመልስላት የምሰጣት ስድብ ነው፤ በዚያ ቀን ስድብ በቅቶኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችንን ጠብቄ ያዝኳቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ መስቀላቸውን ተሳለምኩ፤ ድምፄን ዝቅ ላደርግ ብሞክር አልሆነልኝም።

«አባ፣ ለምን እንዲህ አደረጉኝ? እኔን አይነግሩኝም ነበር?»

«ብነግርህ ትሰማኝ ነበር?»

«ልጆቹን ዋሾ አደረጓቸው እኮ። ሁለት ዓመት አታለሉኝ።»

እየሳቁ ያዩኛል ብዬ ስጠብቅ አልሳቁም። «ምን ብለው ዋሹህ ልጄ? ገለል ብለው ቆሙ እንጂ መቼ ጎበዝ ነህ አሉህ? ጎበዝ ነኝ ያልከው አንተ ነህ» አሉኝ።

ይህን እየጻፍኩ እንኳ ጆሮዬ ይግላል። ቢሆንም አልተውኩም፤ ግዝቱን ይፍቱልኝ አልኩ። በእኛ መንደር በገና ማግስት መልስ ጨዋታ አለ፤ የተሸነፈው ወገን ብድሩን የሚመልስበት። በገና ዕለት ጨዋታው በእኔ ምክንያት ስለተቋረጠ የዘንድሮው ጨዋታ የሚለየው በዚያ ቀን ነው። «አንዲት ጨዋታ በእውነት ልጫወት። ከዚያ ሞትም ቢሆን ይምጣ» አልኳቸው። ስንት ሰዓት እንደለመንኳቸው አልናገርም። በመጨረሻ ልጆቹን ሰብስበው «እግዚአብሔር ይፍታችሁ» አሏቸው። ለነገረኝ ልጅ ስግደት ሰጡት፤ እሱን ግን በዓይኔ ማየት አቃተኝ።

መንግሥት ለመምህር ደብዳቤ ይጽፋል። ዕድሜህ ደርሷል፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ ጡረታ ወጥተሃል ይላል፤ ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፤ ብትወድም ባትወድም ትወጣለህ። ለጨዋታ እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት የለም። በላስታ ደግሞ ሽማግሌን ፊት ለፊት «ይበቃዎታል» የሚል አፍ አልተፈጠረም። ይሉኝታ ይዞን እርስ በርስ እንበላላለን። ይህን ሁሉ ያን ጊዜ አላሰብኩትም። ያን ጊዜ ያሰብኩት ጉልበቱ አሁንም እንዳለኝ ነው፤ ግዝት ይኑርም አይኑርም እኔ እንደሆንኩ አገባለሁ ብዬ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ተሰለፍን። ሁሉም ሰው ሰምቷልና ተመልካቹ በዝቷል። ባለቤቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከመስኩ ዳር ባለው የድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጣለች። «ግዝቱ ተፈቷል፤ የሚያዝንልኝ ቢኖር ጠላቴ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ጎበዙ ልጅ ቀና ብሎ አየኝ፤ አንገቱንም ነቀነቀ።

የመጀመሪያውን እሩር አግኝቼ ሦስት እርምጃ ሳልራመድ ያው ልጅ ወሰደብኝ። ሁለተኛውንም ሌላ ልጅ ወሰደብኝ፤ ዱላው ሲመጣ እንኳ አላየሁትም። በሦስተኛው ቀድሜ ልድረስ ብዬ ስሮጥ የደረስኩት እሩሩ ከሄደ በኋላ ነው፤ ጉልበቴ ከዳኝና በግንባሬ ልደፋ ስል ዱላዬን ተመርኩዤ ተረፍኩ። ይህ አልከበደኝም። ጠብቄው ነበር ማለት እችላለሁ፤ ወንድ ልጅ በባላጋራ ቢሸነፍ ምን አለበት።

ያልጠበቅሁት የራሴን ልጆች ነው። ከዚያ በኋላ እሩር የሚሰጠኝ ጠፋ። «እዚህ!» እላለሁ፤ እሩሩን የያዘው ያየኛል፣ ከኔ ያለፈውን ፈልጎ ለሱ ያቀብላል። «በቀኝ ነኝ!» እላለሁ፤ አይሰማም። አልተቆጡኝም፣ አልናቁኝም። ማሸነፍ ፈልገው ነው። በእውነት የሚጫወት ሰው ማሸነፍ ሲፈልግ ማንን እንደሚመርጥ አየሁ፤ እኔን አልመረጡኝም። ያ ጨዋታ ደግሞ ያምር ነበር! እነዚያ ልጆች እንደዚያ እንደሚጫወቱ አላውቅም ነበር። ሁለት ዓመት እሩሩን ሁሉ ለእኔ እየሰጡ ችሎታቸውን አፍኜባቸው ኖሬያለሁ። እሱ ከሁሉ በላይ አስጠላኝ። ጎኔን የተመታሁ ዕለት ባቆም ኖሮ ሁለት ጥሩ ገና ያዩ ነበር።

ወደ ዳር ወጣሁ። ማንንም አላስፈቀድኩም፣ አባት ነኝና የሚፈቅድልኝም የለም። ካቡ ላይ ከባለቤቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጋቢዬን ከጭኗ አንሥታ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። አሁን አንዱ ይጠራኛል ብዬ ጠበቅሁ። ላይ ቤት አንድ ሰው ጎደለ ብሎ የጮኸ የለም። ልጆቼ አንድ አገቡ። ታች ቤቶች መለሱ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ልጆቼ ሁለተኛውን አገቡና አሸነፉ፤ መስኩ በጩኸት ተናወጠ።

ከመካከላቸው አንዱ፣ ገና ጢም ያላበቀለ፣ ላብ በላብ ሆኖ ወደ እኔ ሮጠ። ደስታው ከልብ ነው። የሚያስገድደው ቄስ የለም፣ ግዝት የለም፣ የለመነው ሰው የለም። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመና፣

«መምህር፣ ዛሬስ እንደ ድሮዎ ነው የተጫወቱት!» አለኝ።

ከሜዳ የወጣሁት የመጀመሪያው ግብ ሳይገባ ነበር።